ሞተሩን የት እንደብቀው?

ሁለት ሰው ይዞ በራሱ ሞተር ከመሬት የሚነሳ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ከምርጥ ግላይደሮች (ያለ ሞተር አየር ላይ ከሚንሳፈፉ አውሮፕላኖች) እኩል የሚንሳፈፍ አውሮፕላን መሥራት ሲያስቡት ቀላል ይመስላል። ግላይደር አለ፣ ሞተር አለ፣ ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ግላይደር ውስጥ ሞተር ሲገባ ግላይደርነቱ ይጎዳል። ግላይደርነቱን እንጠብቅ ሲባል ደግሞ ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋል። መሐንዲሶች ከዚህ ችግር ጋር የታገሉት ለአሥርት ዓመታት ነው፤ እኔም ይሄን ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ልተወው አልቻልኩም። ብዙ ማሽን አይቻለሁ፣ ብዙ ሥዕል አገላብጫለሁ፣ በመጨረሻ ግን ሁልጊዜ ሀሳቤ የሚመለሰው ወደ አንዱ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ወደተሠራው ሽቴመ ኤስ10።

ለምን እሱ? ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ቁጥር መግባባት አለብን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የግላይደር ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ምጣኔው ነው። 1 ለ 50 ካሉ፣ ነፋስ በሌለበት አየር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲያጣ 50 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል ማለት ነው። ሴስና የምትባል አንዲት ተራ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተሯ ቢጠፋ 1 ለ 9 ገደማ ትሄዳለች። ትልቅ የመንገደኛ ጄት 1 ለ 17 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ 50 ሲባል ስንት ሥራ እንዳለበት አስቡት። የክንፉ ርዝመት አለ፣ የክንፉ ቅርጽ አለ፣ የቆዳው ልስላሴ አለ። ክንፉ ረጅምና ቀጭን ሲሆን ጫፉ ላይ አየሩ እየተጠመዘዘ የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል። ቆዳው ለስላሳ ሲሆን ደግሞ አየሩ ሳይበጠበጥ በንጣፍ በንጣፍ ይፈሳል። ይሄ ፍሰት በጣም ስስ ነገር ነው። በበጋ ቀን ክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ተጨፍልቀው የሚደርቁ ጥቃቅን ነፍሳት እንኳ ያበላሹታል፤ ለዚህም ነው አንዳንድ ግላይደሮች እየበረሩ ክንፋቸውን የሚጠርጉበት፣ በክር እየተሳበ እስከ ክንፉ ጫፍ ሄዶ የሚመለስ መጥረጊያ የሚገጠምላቸው። የደረቀች ትንኝ ታስቸግራለች! እንግዲህ ትንኝ ያስቸገረችው አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ፕሮፔለር ሲሰቀልበት ምን ይሆናል?

ሞተሩ ይቅር፣ ግላይደር እንዲሁ ነው ደስ የሚለው የሚሉ አሉ። እነሱንም እረዳቸዋለሁ። ግን ሞተር የሌለው ግላይደር ብቻውን አይነሳም። ወይ ጎታች አውሮፕላን ይፈልጋል፣ ወይ ገመዱን በፍጥነት የሚጠቀልል ዊንች። ሁለቱም ሰው ይጠይቃሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ደክማ ወደ ላይ የሚነሳው ሞቃት አየር ካለቀ ደግሞ ቀጥሎ ያለው እርሻ ላይ ማረፍ ነው፤ ከዚያ ስልክ መደወል፣ ተጎታች ጋሪ ይዘው እስኪመጡ መጠበቅ፣ ክንፉን ነቅሎ መጫን። ሞተር ይሄን ሁሉ ያስቀራል። ጥያቄው በምን ዋጋ ነው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መልስ ቀላሉ መልስ ነበር። ሞተሩን አፍንጫው ላይ አድርጉትና ተዉት። ሻይበ ፋልከ የሚባለው ከ1963 ጀምሮ የበረረው አውሮፕላን እንዲህ ነው፤ እጅግ ብዙ ተሠርቷል፣ ብዙ ሰው ተምሮበታል። በ1980 የመጣው ግሮብ ጂ109 ደግሞ በፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቆንጆ ማሽን ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ የፕሮፔለሩን ላባዎች (እየተሽከረከሩ አየሩን የሚቀዝፉትን ረጃጅም ስለቶች) ከአየሩ ፍሰት ጋር ትይዩ ማድረግ ይቻላል፤ ይሄ ጉተታውን፣ አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበትን ኃይል፣ ይቀንሰዋል። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፕሮፔለሩ እዚያው ተገትሯል፣ ከኋላው ያለው አየር ተበጥብጧል፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ቀዳዳዎችም አሉ። ምጣኔው 30 እንኳ አይሞላም። ለጉዞ ጥሩ ነው፣ ለትምህርት ጥሩ ነው። ከእውነተኛ ግላይደር ጋር አብሮ ውጣ ከተባለ ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁለተኛው መልስ ሞተሩን ማጠፍ ነው። ከአብራሪዎቹ ጀርባ ሁለት በር ይከፈታል፣ ከውስጡ ፕሮፔለር የተሸከመ ክንድ ብድግ ይላል፣ ከፍታ ከተያዘ በኋላ ተመልሶ ይገባና በሩ ይዘጋል። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥ ካርደን ቤይንስ የተባለች ትንሽ ግላይደር በ1935 ከአብራሪው ጀርባ የሚታጠፍ ሞተር ነበራት። ዛሬም ቢሆን አብዛኞቹ ትልልቅ ባለ ሁለት መቀመጫ ግላይደሮች የሚጠቀሙት ይሄንኑ ዘዴ ነው። በሩ ሲዘጋ ግላይደሩ ንጹሕ ነው፣ ሞተር እንዳለው እንኳ አታውቁም። በምጣኔ ረገድ ይሄን የሚያሸንፍ የለም፤ ይሄን ሳልሸሽግ ነው የምናገረው። ኒምቡስ 4 የተባለው ግላይደር፣ ባለ ሞተር ባለ ሁለት መቀመጫው፣ 26.5 ሜትር ክንፍ ይዞ 60 ገደማ ይደርሳል።

ግን አንድ ነገር አለ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ። ሞተሩን ለማስነሳት ክንዱን ስታወጡት፣ እስኪነሳ ድረስ ያ ሁሉ ብረትና ፕሮፔለር አየሩ ላይ ተገትሮ ይጎትታችኋል። ምጣኔው ከግማሽ በታች ይወርዳል። የግላይደር አብራሪ ደግሞ ሞተሩን የሚፈልገው መቼ ነው? ከፍታው ሲያልቅበት ነዋ። ማለትም ሞተሩ በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት፣ ሞተሩን የማውጣት ሥራ ራሱ የቀረውን ከፍታ ይበላዋል። ሞተሩ ከተነሳ እሰየው። ካልተነሳ፣ መልሶ ለማስገባት ጊዜ የለም፣ ከፍታም የለም፣ የታሰበው እርሻም ድንገት ሩቅ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው የልምድ ሰዎች ደጋግመው የሚመክሩት፤ መጀመሪያ የምታርፉበትን መሬት ምረጡ፣ ከሱ በላይ አየር ላይ ቆዩ፣ ከዚያ ሞተሩን ሞክሩት፤ አይነሳም ብላችሁ አስቡ። ይሄ ምክር ትክክል ነው። ሆኖም በዚህ ምክር የዳኑትን ያህል ምክሩን ለጊዜው የዘነጉም አሉ፤ አደጋዎቹ ሲመረመሩ ደጋግሞ የሚነበበው ታሪክ ይሄው ነው።

ሽላይኸር የተባለው ፋብሪካ ይሄን ችግር የሚያቃልል ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ሞተሩ ራሱ ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ የሚወጣው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው፣ ጉልበቱ በቺንጋ ይደርሰዋል። ጉተታው ያንሳል፣ ድምፁም እንደዚያው። በጣም የማከብረው መፍትሔ ነው። ግን ክንድ ክንድ ነው፤ አሁንም ይወጣል፣ አሁንም አየሩ ላይ ይቆማል።

አሁን ኤስ10ን ወደ ሠራው ሰው እንምጣ። ራይነር ሽቴመ የፊዚክስ ሰው ነው፣ የግላይደር አብራሪም ነው። ድርጅቱን በ1984 በርሊን ውስጥ አቋቋመ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ የምዕራብ በርሊን ነገር አስደናቂ ነው። ከተማዋ በግንብ ተከብባለች፤ ሰማይዋን የሚቆጣጠሩት ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሸነፉት መንግሥታት ናቸው። የጀርመን አየር መንገድ እንኳ ወደዚያ መብረር አይፈቀድለትም ነበር፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩ የሚገቡት። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ረጅም ርቀት የሚንሳፈፍ አውሮፕላን ማለም ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? ኤስ10 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በሐምሌ 1986 ነው። የበረራ ብቃት ማረጋገጫውን ያገኘው በ1990 ዓመቱ ሲያልቅ፣ ያውም ሀገሪቱ በተዋሐደችበት በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ከበርሊን በስተ ምሥራቅ ወዳለው ሽትራውስበርግ አየር ማረፊያ ሄደ። ሽትራውስበርግ ማለት የምሥራቅ ጀርመን መከላከያ ሚኒስቴር የነበረበት ከተማ ነው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ማንም ይሆናል የማይለው ነገር።

የሽቴመ ሀሳብ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከባድ ነው፣ ስለዚህ የአውሮፕላኑ ክብደት በሚመዛዘንበት አካባቢ፣ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ሆድ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ አይንቀሳቀስ። ፕሮፔለሩ ግን አፍንጫው ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም ንጹሕ አየር ያለው እዚያ ነው፤ የሚገፋውም ከአውሮፕላኑ መሃል በቀጥታ ነው። ክንድ ላይ የተሰቀለ ፕሮፔለር ከላይ ሆኖ ስለሚገፋ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ አፍንጫ ላይ ያለው ግን ይሄ ጣጣ የለበትም። ሞተሩ ከኋላ፣ ፕሮፔለሩ ከፊት ከሆነ ታዲያ በመሃል ጉልበቱን የሚያሻግር ነገር ያስፈልጋል። እሱም ረጅም የካርቦን ፋይበር ዘንግ ነው።

ዘንጉ በየት ይለፍ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ብዙዎቹ ባለ ሁለት መቀመጫ ግላይደሮች ሰዎቹን ከፊትና ከኋላ ነው የሚያስቀምጡት፤ እንደዚያ ሲሆን ሆዱ ጠባብ ይሆናል፣ ጉተታውም ያንሳል። ግን የፊተኛው ሰው በመሃል መስመር ላይ ቁጭ ስላለ ዘንጉ መንገድ የለውም። ሰዎቹ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ግን መሃላቸው ክፍት ነው። ዘንጉ በሁለቱ መካከል ያልፋል። ስለዚህ ጎን ለጎን መቀመጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የተመረጠ አይመስለኝም፤ የሞተሩ ቦታ ራሱ ነው የጠራው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ አፍንጫው ሰፋ ይላል። ሰፊ አፍንጫ ውስጥ የታጠፈ ፕሮፔለር ይገባል። አያችሁ እንዴት አንዱ ሌላውን እየሳበ እንደሚያመጣው?

ይቀጥላል። ፕሮፔለር አፍንጫው ላይ ሲሆን መሬት እንዳይነካ አውሮፕላኑ ከፍ ማለት አለበት። ተራ ግላይደር ሆዱ ሥር ግማሹ የተደበቀ አንዲት ጎማ ይዞ መሬቱን ሊላስ ነው የሚደርሰው፤ ኤስ10 ግን ረዘም ያሉ ሁለት እግሮች አሉት፣ ከመሬት ከተነሳ በኋላ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ፣ ከኋላ ደግሞ የጅራት ጎማ። ሁለት እግር ካለው ደግሞ አይጋደምም። ተራው ግላይደር ሲቆም አንዱ ክንፉ መሬት ላይ ያርፋል፤ ለመነሳትም ክንፉን ደግፎ የሚሮጥ ሰው ያስፈልገዋል። ኤስ10 ማንንም አይፈልግም። ሁለቱ ሰዎች ገብተው፣ ሞተር አስነስተው፣ ራሳቸው ወደ መንደርደሪያው ነድተው ይሄዳሉ። 23 ሜትር የሚሆነው ክንፍ ማቆሚያ ቤት እንዲገባ ጫፍ ጫፉ ይታጠፋል። ክንፉ፣ ሞተሩና እግሮቹ የሚገናኙበት መሃለኛው ክፍል ደግሞ ጭነቱን የሚሸከም የብረት ቱቦ አጥንት አለው። የተቀረው አካል በአብዛኛው ፋይበር ነው። ሁሉም ነገር የመጣው "ሞተሩ አይንቀሳቀስም" ከሚለው ከመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ይሄን ዓይነት ንድፍ ነው የምወደው፤ አንዱን ክፍል ብትነቅሉት ሌላውም ትርጉም የሚያጣበት።

አሁን ፕሮፔለሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ ከፊት ብታዩት ምንም የለም። ለስላሳ ክብ አፍንጫ ብቻ። አብራሪው እጀታውን ሲያንቀሳቅስ የአፍንጫው ጫፍ፣ እንደ ቆብ ያለው ክፍል፣ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ በቆቡና በተቀረው አካል መካከል ዙሪያውን ክፍተት ይፈጠራል። በክፍተቱ ውስጥ ታጥፈው የተኙት የፕሮፔለሩ ላባዎች ይታያሉ። ሞተሩ ይነሳል፣ ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ሽክርክሪቱ ራሱ ላባዎቹን ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል። ለመዘርጋት ሌላ ማሽን የለም፤ በቃ መሽከርከሩ ይበቃል። ከመንሳፈፍ ወደ ሞተር ለመሸጋገር ሴኮንዶች ነው የሚፈጀው። በዚያን ጊዜ ውስጥ ደግሞ እንደ ክንዱ ዓይነት ከባድ ጉተታ አይደርስም። ሞተሩ እንቢ ቢል ላባዎቹ እንደታጠፉ ናቸው፣ የተከፈተችው ያቺ ክፍተት ብቻ ናት፤ ስለዚህ አብራሪው አሁንም ግላይደር ይዟል። ከላይ ያልኩት ጭንቀት እዚህ ጋ በጣም ይቀላል። እኔ ኤስ10ን ከምጣኔው በፊት የማደንቀው በዚህ ነው።

ሲዘጋም ሥርዓት አለው። ሞተሩ እስኪበርድ ትንሽ ይጠበቃል፣ ይጠፋል፣ ፕሮፔለሩ ይቆማል፣ ላባዎቹ ይታጠፋሉ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ መቆማቸው ይረጋገጣል፣ ከዚያ ቆቡ ይመለሳል። ጆሮ ላይ የነበረው ድምፅ ሲጠፋ የሚቀረው የአየሩ ሹክሹክታ ነው፤ ምጣኔውም 50 ነው። ሁለት ሰው፣ ሞተር፣ ቤንዚን፣ ሻንጣ ይዞ 50።

የመጀመሪያዎቹ ኤስ10ዎች 93 የፈረስ ጉልበት ያለው የሊምባኽ ሞተር ነበራቸው። ሥራውን ይሠራል፣ ግን ከፍ ሲሉ ይደክማል፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተር ሁሉ እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የመጣው ኤስ10 ቪቲ ግን ሮታክስ 914ን ገጠመ፤ 115 የፈረስ ጉልበት፣ ከቱርቦ ጋር። ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ሞተሩ ከፍታ ላይም ትንፋሽ አያጥረውም። ይሄ ለውጥ ትንሽ ይመስላል እንጂ አውሮፕላኑን ሌላ ነው ያደረገው። በሞተር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ተራራ ያለበት ቦታ ደርሶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ በተራራው ነፋስ መንሳፈፍ የሚቻልበት ማሽን ሆነ። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚም ኤስ10ን ቲጂ-11ኤ ብሎ ወስዶ ለካዴቶቹ ተጠቅሞበታል።

በጥር 2014 የሆነው ደግሞ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። ጀርመናዊው ክላውስ ኦልማን ኤስ10 ቪቲኤክስ የተባለውን ዓይነት ይዞ ሂማላያ ገባ፣ ኤቨረስት አካባቢ በረረ። የጀርመን የአየርና የሕዋ ምርምር ማዕከል ልዩ ካሜራ ተገጥሞለት ስለነበር ተራሮቹን በሦስት አውታር ካርታ ለማንሳት አገልግሏል። ኦልማን ማለት እኮ በ2003 አርጀንቲና ውስጥ፣ በአንዲስ ተራሮች ሞገድ ላይ፣ 3,009 ኪሎ ሜትር የበረረው ሰው ነው፤ ያኔ የያዘው ያ የጠቀስኩት ባለ ሁለት መቀመጫ ኒምቡስ 4 ነበር። ሞገድ የምለው የባሕሩን አይደለም፤ ኃይለኛ ነፋስ የተራራ ሰንሰለት ሲሻገር ከተራራው ጀርባ አየሩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ በሚነሳው ክፍል ላይ የተቀመጠ ግላይደር ያለ ሞተር ከተራራው በላይ ሺህ ሜትሮች ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ማሽን እንደ ሥራው መርጦ መያዙን ልብ በሉ። ለንጹሕ ርቀት ክንዱን፣ ሩቅ ሀገር ሄዶ ካሜራ ተሸክሞ ለመሥራት ኤስ10ን። እኔ እንደሚመስለኝ የሁለቱ መልሶች ትክክለኛ ድርሻም ይሄው ነው።

ያልተመቸኝን ነገርም ልናገር፣ ካልተናገርኩ ፍቅሬ እውነት አይሆንም። ኤስ10 ከባድ ነው፤ ሙሉ ክብደቱ 850 ኪሎ ነው። ነፋሱ ደካማ፣ ሞቃቱ አየር ጠባብ በሆነበት ቀን ቀላል ግላይደሮች ከላዩ ሆነው ሲዞሩ እሱ ታች ይታገላል። ጎን ለጎን የመቀመጡ ስፋትም ሒሳብ አለው፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ሆድ ተይዞ 50 መድረሱ ነው ተአምሩ እንጂ በ1986 የመጣው ሽላይኸር ኤኤስኤች 25 ሰዎቹን ከፊትና ከኋላ አስቀምጦ በ25 ሜትር ክንፍ 60 አካባቢ ይደርስ ነበር። ትልቁ ጉዳይ ግን ውስብስብነቱ ነው። የሚታጠፍ ፕሮፔለር ማጠፊያ አለው፣ ማጠፊያ ይላላል፣ ይበላል። ረጅም ዘንግ ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱን የሚውጥ ነገር ያስፈልገዋል። የሚንሸራተት ቆብ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚወጣና የሚገባ እግር አለ፣ ቱርቦ አለ። ይሄ ሁሉ በየጊዜው ተፈትቶ መታየት አለበት። እጁን የማያቆሽሽ፣ መመሪያ ማንበብ የማይወድ ሰው ይሄን አውሮፕላን ባይይዘው እመርጣለሁ። ቀላሉ ፋልከ እኮ ዛሬም ድረስ የሚበርረው ቀላል ስለሆነ ነው።

ሆኖም ስለ ጎን ለጎን መቀመጥ አንድ ቃል ልጨምር፤ ምክንያቱም ቁጥር ብቻ የሚያዩ ሰዎች ይሄን ሁልጊዜ ይዘሉታል። ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ማጅራት ነው የሚያየው። የኋለኛው የሚያየው ሰማይ ግማሹ በፊተኛው ጭንቅላት የተሸፈነ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን "ያቺን ደመና አየሃት?" ብሎ መጠቆም ይቻላል። አስተማሪው የተማሪውን እጅ ያያል፣ ፊቱን ያያል፣ መፍራቱን ከመናገሩ በፊት ያውቃል። ለስምንት ሰዓት አብሮ ለሚበርር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህ ከምጣኔው ላይ ጥቂት ነጥብ ቢቀነስ እኔ አላዝንም። ሁለተኛው መቀመጫ የተሠራው ለሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ጭነት አይደለም።

ከኤስ10 በኋላ ዓለም አልቆመም። ራሱ ፋብሪካው ኤስ12ን አመጣ፤ ክንፉ 25 ሜትር ደርሷል፣ ምጣኔውም 53። በሌላ በኩል በ2000 የበረረው ኤታ ክንፉን ወደ 31 ሜትር አድርሶ 70 ለመድረስ ተነሳ፤ ሁለት መቀመጫ፣ የሚታጠፍ ሞተር፣ ክንፉ ደግሞ ከርዝመቱ የተነሳ የሚያስፈራ። ምን ያህል ድረስ መሄድ እንደሚቻል ያሳየ ማሽን ነው፤ ግን ለመንዳትም ለማስቀመጥም ለተራው ሰው የሚሆን አይደለም። ሼምፕ ሂርት የተባለው ፋብሪካ አርከስን፣ ሽላይኸር ኤኤስጂ 32ን ሲያወጡ 20 ሜትር ላይ መቆማቸው ብልህነት ይመስለኛል። 20 ሜትር ክንፍ ሰው ይችለዋል። ያም ሆኖ ሁለቱም ሞተር ሲገጠምላቸው ከጀርባ የሚወጣውን ዘዴ ነው የመረጡት። የሽቴመን መንገድ ከሽቴመ ሌላ በዚህ ደረጃ የተከተለው የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ይሄን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ ግን አላይም፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውሮፕላኑን በሙሉ በሞተሩ ዙሪያ መንደፍ ይጠይቃል፤ ያለውን ጥሩ ግላይደር ወስዶ ሞተር ልጨምርበት ለሚል ፋብሪካ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መጥቷል። የስሎቬኒያው ፒፒስትሬል ታውረስ የተባለውን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ባለ 15 ሜትር ግላይደሩን በኤሌክትሪክ ሞተር ሠራው። ከዚያም ሁለት ታውረሶችን በአንድ ክንፍ አጣምሮ፣ መሃል ላይ ሞተር ገጥሞ፣ ጂ4 ብሎ በ2011 አሜሪካ ወስዶ የናሳን የአረንጓዴ በረራ ውድድር አሸነፈበት። ሽልማቱ 1.35 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን በኤሌክትሪክ ረጅም ርቀት መሄዱ በጊዜው ያስደነገጠ ነገር ነው። የሄደበት ዋናው ሚስጥር ግን ባትሪው አልነበረም፤ ግላይደር መሆኑ ነበር። ጥቂት ጉልበት ብቻ የሚፈልግ አካል ስላለው ነው ያ ባትሪ የበቃው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ትንሽ ነው፤ ሲነሳ አያንገራግርም፣ ማሞቅም አያስፈልገውም። ስለዚህ "ባይነሳስ?" የሚለው የድሮው ፍርሃት በጣም ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ አፍንጫው ውስጥ በቀጥታ መቀመጥ ይችላል፤ የታጠፈው ፕሮፔለር አፍንጫው ላይ ተለጥፎ ይተኛል። ይሄ ዘዴ ባለ አንድ መቀመጫ ግላይደሮች ላይ አሁን በስፋት አለ። ማለትም ሽቴመ በካርቦን ዘንግ የፈታውን ችግር ሽቦ ፈታው። ጉልበቱ ከኋላ ወደ ፊት የሚሻገረው በሁለት ገመድ ነው። ሰዎቹ ፈለጉ ጎን ለጎን፣ ፈለጉ ፊትና ኋላ ይቀመጡ፣ ሽቦው ግድ የለውም።

እንዲህ ከሆነ ኤስ10 ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው? አይመስለኝም፣ ቢያንስ አሁን አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን የሚይዘው ጉልበት አንድ ኪሎ ባትሪ ከሚይዘው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ሞተሩ አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም ልዩነቱ ገና ሰፊ ነው። የባትሪው ግላይደር ተነስቶ ጥሩ ከፍታ ይይዛል፣ ማታ ደክሞት ወደ ቤት ለመመለስም ይበቃዋል። ለዚያ ሥራ እኔም ኤሌክትሪኩን ነው የምመርጠው፣ ያለ ምንም ማመንታት። ሁለት ሰዎች ሻንጣቸውን ጭነው በሞተር ሀገር አቋርጠው፣ የማያውቁት ተራራ ሥር ደርሰው፣ እዚያ ሞተሩን ሊያጠፉ ከሆነ ግን ቤንዚኑን፣ ቱርቦውንና በመቀመጫዎቹ መካከል የሚያልፈውን ያን ረጅም ዘንግ እወስዳለሁ። ባትሪው ያን ጉዞ የሚችልበት ቀን ሲመጣ የሚነድፈው ሰው ከሽቴመ እንዲወስድልኝ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሞተሩ እንቢ ቢል አብራሪው እጅ ላይ የሚቀረው ግላይደር ይሁን፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ጎን ለጎን ይቀመጡ።